ከሐኪም እጦት ወደ መደብ እጦት
የጤና ሠራተኞች ቅጥር ታሪክ ከአገው ምድር ሲታይ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው፥ ባሕር ዳር ለመድረስ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ቀዝቃዛ ከተማ ያገኛል። ከተማዪቱ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ስሟም ሁለት ነው። አንዱ እንጅባራ፥ ሁለተኛው ኮሶበር። የኮሶ ዛፍ ለአባቶቻችን ምን ያህል ባለውለታ እንደ ነበረ የዛሬ ተማሪዎች ምናልባት በወሬ ብቻ ይሰሙት ይሆናል። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ የኮሶ ትል አያጣውምና፥ የዛፉ አበባ ደርቆ፥ ተወቅጦና በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣ ነበር። ፊቱን ያጨፈገገ ሰው ዛሬም ቢሆን «ኮሶ የጠጣ መሰለ» ይባላል። ኮሶ የጠጣ አሽከርም በዚያ ቀን ሥራ አይጠየቅም ነበር፤ ይህም በአገራችን ምናልባት ከሁሉ የቀደመው የሕመም ፈቃድ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በዚያ አገር የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ተመዝግቧል።

እንግዲህ በመድኃኒት ዛፍ ስም በምትጠራው በዚህች ከተማ ዛሬ ሆስፒታል አለ፤ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በዩኒቨርሲቲውም ውስጥ የጤና ሳይንስ ትምህርት ይሰጣል። በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ክፍት የሥራ መደብ» የሚል ወረቀት ሲለጠፍ፥ ማስረጃቸውን በፕላስቲክ አቃፊ የያዙ ወጣቶች ይሰበሰባሉ። ነርሱ፥ አዋላጁ፥ ጤና መኮንኑ፥ የላቦራቶሪ ባለ ሙያው፥ አልፎ ተርፎም ሐኪሙ ከእነርሱ መካከል ነው። ከዚያች ከተማ ወርዶ ወደ ጃዊ ቆላ የሄደ ሰው ግን በወባ የተንቀጠቀጠውን በሽተኛ፥ ተራውን የሚጠብቀውን ሕዝብ፥ ለአንድ ጤና ጣቢያ የማይበቃውን ሠራተኛ ያያል። ሥራ አለ፤ ሠራተኛም አለ፤ ሁለቱ ግን አልተገናኙም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት የጤና ሠራተኛ በአገራችን እንዴት ይሠለጥን፥ እንዴትስ ይቀጠር እንደ ነበረ ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር ያስፈልጋል።

በቀድሞው ዘመን መድኃኒተኛ ነበረ እንጂ ቅጥር አልነበረም። ወጌሻው የተሰበረውን ይጠግናል፤ የልምድ አዋላጇ ታዋልዳለች፤ ዋግምት የሚነቅለውም፥ ሥር ምሶ ቅጠል በጥሶ የሚያውቀውም በየመንደሩ ይገኛል። ደመወዝ የላቸውም፤ የሚከፈላቸው እህል፥ በግ፥ አሞሌ፥ ወይም ምስጋና ነው። ዕውቀታቸውንም ለሚወዱት ልጅ በምሥጢር ያወርሳሉ እንጂ ለአደባባይ አያወጡትም። ከዚህ የተነሣ አንድ አዋቂ ሲሞት ዕውቀቱ ከእርሱ ጋር የሚቀበርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር በገባ ጊዜ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት የተፈለገው በአሳሽነቱ ሳይሆን በሐኪምነቱ ነበር፤ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና። ይህ ሰው ግሼ ዓባይን ለማየት ወደ አገው አገር መውረዱ በታሪክ የታወቀ ነው። አንድ እንግዳ ጥቂት የሕክምና ዕውቀት በመያዙ ብቻ የቤተ መንግሥት በር ሲከፈትለት፥ የሐኪም እጦት ምን ያህል እንደ ነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

በመንግሥት ሥር የሆነ ዘመናዊ ሕክምና የተጀመረው ከዐድዋ ድል በኋላ ነው። በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ለማከም መጣ፤ ቡድኑ የተከለው ሥራ ለጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1902 ዓ.ም. ገደማ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። በዚያው ዘመን በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠነው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፥ ወደ አገሩ ተመልሶ ነበር። የእርሱ ታሪክ ራሱ የዘመኑን ነገር ያሳያል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ያገኙት ሕፃን ነበረ፤ በሕንድ አገር አድጎ በላሆር ሕክምና ተማረ። የመጀመሪያው ሐኪማችን በአገሪቱ ዕቅድ ሳይሆን በጦርነት አጋጣሚ ተገኘ ማለት ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ታላቁ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ሲያጠቃ፥ ራስ ተፈሪ እንኳ በታመሙበት በዚያ ወራት፥ በከተማው የነበሩት ጥቂት የውጭ አገር ሐኪሞች ነበሩ። ዛሬ በኅዳር ሚካኤል ቆሻሻ የሚቃጠልበት ልማድ የዚያ ጊዜ መታሰቢያ ነው።

አገው ምድር ከዚህ ሁሉ ሩቅ ነበር። ዳንግላ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ቆንስል መቀመጫ ነበረች፤ ከ1917 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ በቆንስልነት የተቀመጠው ቺዝማን ጣናንና ዓባይን እየዞረ ሲለካና ሲመዘግብ ኖሯል። ወንዙ ተለካ፤ የወንዙ ዳር ነዋሪ ግን የሚመዝነውም የሚመረምረውም አላገኘም። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥቶ ከጎጃም አርበኞች ጋር ለመገናኘት በሳንድፎርድ መሪነት የገባው ትንሽ ቡድን ግን ክሊፎርድ ድሩ የተባለ ሐኪም ይዞ ነበር። ጠላት በየካቲት 1933 ዓ.ም. ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ሲሄድ፥ ነፃነቱን ያገኘው ሕዝብ ከነበሽታው ነበር።

ከነፃነት በኋላ የመጣው ጥያቄ አንድና ግልጽ ነበር፤ ይኸውም ሰው ከየት ይምጣ? የሚል ነው። የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ሲቋቋም ሕንፃ ቢኖር ሐኪም የለም፤ ሐኪም ቢገኝ የውጭ አገር ሰው ነው፤ እርሱም ከአዲስ አበባና ከጥቂት ታላላቅ ከተሞች አይርቅም። ስለዚህ የአገሩን ሸክም የተሸከመው ድሬሰር ነበር። ድሬሰር ማለት በሆስፒታል ውስጥ ቁስል ማጠብን፥ መርፌ መውጋትን፥ የታወቁትን መድኃኒቶች ማደልን የተማረና ከዚያም ብቻውን ወደ አንድ ክሊኒክ የሚላክ ሰው ነው። ገበሬው «ሐኪም» ይለው ነበር። ስሙ ያለ ቦታው ነው ብለው የሚነቅፉ የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ሌሊት በር ሲመታ ተነሥቶ ፋኖሱን የሚያበራው እርሱ ብቻ ከሆነ፥ ስሙን ማን ይከለክለዋል? ሩሲያውያን ፌልድሸር የሚሉት ባለ ሙያም በገጠራቸው ውስጥ ይህንኑ የመሰለ ሥራ ሲሠራ ኖሯል።

ነርሶችንም ማሠልጠን በዚያው ዘመን ተጀመረ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1942 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተ። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው ነበር፤ ይህም ነርስነት የአሽከር ሥራ ነው ይባል የነበረውን አስተሳሰብ ለመስበር ብዙ ረድቷል። እርሳቸው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታልም ነርሶችን ሲያሠለጥን ኖሯል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ በወሊድ ምክንያት የምትሞትበት አገር፥ በእንጅባራ ዙሪያ ያለች የገበሬ ሚስት ምን ተስፋ እንደ ነበራት መገመት አያዳግትም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነገር በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተደረገው ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚሆን ሕዝብ እንደ ጨረሰ ተመዝግቧል። ይህ መቅሠፍት ያስከተለው ድንጋጤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲመሠረት ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ነው። መንግሥት ከአሜሪካ የፖይንት ፎር ድርጅት፥ ከዓለም የጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ያቋቋመው ይህ ትምህርት ቤት ሐኪም ለማውጣት አልተነሣም። ያወጣው ሦስት ዓይነት ባለ ሙያ ነበር፤ ጤና መኮንን፥ ኮሙኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን። በኋላ የላቦራቶሪ ባለ ሙያ ተጨመረበት።

የጎንደር ጥበብ ግን በትምህርቱ ዓይነት ብቻ አልነበረም። ጎንደር መጀመሪያ ያሰበው ስለ ጤና ጣቢያው ነበር። አንድ ጤና ጣቢያ ለ50,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታቀደ፤ ለዚያ ጤና ጣቢያ ምን ዓይነት ሰው እንደሚያስፈልግ ተጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰውየው የሠለጠነው። ጤና መኮንኑ ያክማል፥ ጣቢያውንም ይመራል፤ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች፥ ቤት ለቤትም ትዞራለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፥ መጸዳጃ ያስቆፍራል፥ ገበያውንና ሥጋ ቤቱን ይቆጣጠራል። ተማሪዎቹም ገና በትምህርት ላይ ሳሉ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ገጠር እየወጡ አብረው ይሠሩ ነበር። ተመርቆ የወጣው ወጣት ወዴት እንደሚሄድ፥ ከማን ጋር እንደሚሠራ፥ ምን እንደሚጠበቅበት አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በአጭሩ ሰውየውና ወንበሩ አብረው ተሠሩ። በዚያን ጊዜ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው የአገው ምድር አውራጃና እርሱን የመሰለ ሌላ አውራጃ ሁሉ ተስፋ ያደረገው ይህን ቡድን ነበር።

ወንበሩ ብዙ ሰውየው ጥቂት መሆኑ ግን አልቀረም። በ1951 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ወባ እንደገና ተነሥቶ ደጋ ቀመስ የሆነውን አገር ሳይቀር አጥለቀለቀው፤ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው እንደ ታመመና ወደ 150,000 ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። በተከታዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ። ይህ ድርጅት በአገራችን የጤና ቅጥር ታሪክ ውስጥ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም። ብዙ ትምህርት የሌላቸውን የገጠር ወጣቶች ዲዲቲ እንዲረጩ፥ ቤት እንዲቆጥሩ፥ የደም ናሙና እንዲወስዱ ቀጠረ፤ ለብዙ የቆላ መንደርም በመንግሥት ስም በሩን ያንኳኳ የመጀመሪያው ሰው፥ ግብር ሰብሳቢው ሲቀር፥ የወባ ሠራተኛ ነበር።

የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ በ1957 ዓ.ም. ተከፈተ። ከአብዮቱ በኋላ በ1971 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር በምሥራቅ ጀርመን የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ረዳትነት የሐኪሞች ኮሌጅ ሆነ፤ የጤና መኮንን ትምህርትም ቆመና እስከ 1980ዎቹ ማገባደጃ ድረስ ተቋርጦ ቆየ። ሐኪም ማግኘታችን መልካም ሆኖ ሳለ፥ ለገጠሩ ተለክቶ የተሰፋውን ልብስ ማውለቃችን ግን፥ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፥ ስሕተት ነበር።

በዚያው ዘመን በአልማ አታ ጉባኤ የታወጀውን የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት መርሕ መንግሥት ተቀብሎ፥ በየገበሬ ማኅበሩ የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎችንና የሠለጠኑ የልምድ አዋላጆችን አሠለጠነ። ለጥቂት ወራት የሠለጠነው ወኪል የመድኃኒት ሣጥን ይሰጠውና ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ ደመወዙን ግን ማኅበሩ ይከፍለዋል ተባለ። ማኅበሩ አልከፈለውም። ስለዚህ ወኪሉ ሣጥኑን ሰቅሎ ወደ እርሻው ተመለሰ። ሰው ተገኘ፤ መደቡ ስላልነበረ ግን ሥራው ቀረ። ይህ ምሳሌ ቀጥሎ የሚመጣውን ለመረዳት ይጠቅመናልና አንባቢ ልብ ይበለው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ይህን ስሕተት ያረመ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፥ በተቻለ መጠን ከዚያው ቀበሌ የተወለዱ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቀበሌው ተመደቡ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመንግሥት ደመወዝተኞች ሆኑ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቍጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። በአገራችን የመንግሥት አገልግሎት ታሪክ ይህን ያህል የገጠር ሴት በአንድ ጊዜ የተቀጠረችበት ጊዜ አልነበረም። ለብዙዋ ልጃገረድ በቤተ ሰቧ ውስጥ የመጀመሪያው ደመወዝ የእርሷ ነበር።

ይህ ሥራ በአዊ ምድር ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። የአካባቢው አፈር ቀይ ሸክላ ነው። በባዶ እግሩ በዚህ አፈር ላይ ዕድሜውን ሙሉ የሚያርስ ሰው እግሩ ቀስ በቀስ እያበጠ የሚሄድ በሽታ ያገኘዋል፤ ሕዝቡ የዝሆኔ በሽታ ይለዋል። ትንኝ የሚያመጣው ሌላው የዝሆኔ ዓይነት ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ዘሩ የተረገመ ነው እየተባለ ከሠርግ ይቀራል፥ ልጁም ባል ወይም ሚስት ያጣል። መከላከያው ግን ጫማ ነው፤ ለታመመውም ሳሙና፥ ንጹሕ ውሃ፥ ቅባትና እግርን በየቀኑ የማጠብ ትዕግሥት ነው። ለዚህ ስፔሻሊስት ሐኪም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በየቤቱ ገብቶ፥ በአውንጂም በአማርኛም እየተናገረ፥ ዝቅ ብሎ እግር የሚያጥብና ሰውየው እንዳልተረገመ የሚያስረዳ የቀበሌ ሰው ነው። ነፍሰ ጡሯን በቃሬዛ ከመሸከም በፊት ቀኗን ቆጥሮ ወደ ጤና ጣቢያ የሚልካትም ይኸው ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ዘመነ ብዛት መጣ። በ1980ዎቹ የአገሪቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባ፥ በጎንደርና በጅማ የነበሩት ሦስቱ ብቻ ነበሩ። በ1998 ዓ.ም. ገደማ 5,000 ያህል ጤና መኮንኖችን በአጭር ጊዜ ለማውጣት የተፋጠነ ሥልጠና ተጀመረ። በየካቲት 2004 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የሕክምና ትምህርት ፕሮግራም በ13 ተቋማት በአንድ ጊዜ ተከፈተ፤ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ከ25 በላይ ሆኑ። ቀድሞ በዓመት በመቶዎች ይቈጠር የነበረው የሐኪም ተማሪ በሺዎች መቈጠር ጀመረ። የግል ኮሌጆችም በየከተማው ነርስና የመድኃኒት ባለ ሙያ ያስመርቁ ጀመር። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ጀምሮ ከዚያ ወዲህ ጤናን ከትምህርቶቹ አንዱ አድርጓል። በዚያው ዘመን በመላ አገሪቱ ከ3,500 በላይ ጤና ጣቢያዎችና ከ16,000 በላይ ጤና ኬላዎች ተሠርተዋል፤ በአዊም የእንጅባራው ጠቅላላ ሆስፒታል፥ የዳንግላና የቻግኒ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ሥራ ላይ ዋሉ።

ይህን ዕቅድ ያወጡትን ሰዎች መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልወቅሳቸውም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከባድ የጤና ሠራተኛ እጥረት አለባቸው ካላቸው 57 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከተመረቁት ብዙዎቹ ወደ ውጭ አገር ይሄዱ ነበር። «በአንድ የአሜሪካ ከተማ ያሉት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በአገር ቤት ካሉት ይበልጣሉ» የሚለው ወሬ፥ ማንም ቆጥሮ ባያረጋግጠውም፥ በየስብሰባው ይነገር ነበር። በርሜሉ ቀዳዳ ከሆነ አብዝቶ መሙላት ነው ብለው አሰቡ። የተመረቀው ሐኪምም ዕጣ እያወጣ ወደየክልሉ ይመደብ ነበርና፥ ሥራ ፈልጎ መዞር የሚባል ነገር በዚህ ሙያ አይታወቅም ነበር። ልጁ ለሕክምና ትምህርት ክፍል የደረሰው ገበሬ ድግስ ሲደግስ የሚደግሰው ለዚህ እርግጠኝነት ነበር።

ታዲያ ይህ እርግጠኝነት ከ2011 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ለምን ፈረሰ? ምክንያቱ በሽታ ስላነሰ አይደለም። ምክንያቱን ለማግኘት ጎንደር አብሮ የሠራቸው ሁለቱ ነገሮች፥ ሰውየውና ወንበሩ፥ በዘመናችን በማን እጅ እንደሚገኙ መጠየቅ ይበቃል። ዩኒቨርሲቲውን የሚከፍትና ወጪውን የሚችል የፌዴራል መንግሥት ነው። የጤና ጣቢያውን ነርስና ጤና መኮንን ደመወዝ የሚከፍለው ግን ወረዳው ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ክልሉ ለወረዳው ጥቅል በጀት ይሰጠዋል፤ ወረዳውም ከዚያች ገንዘብ ላይ ለመምህሩም፥ ለግብርና ሠራተኛውም፥ ለጤና ሠራተኛውም ደመወዝ ይከፍላል። ደመወዝ ከተከፈለ በኋላ ለመድኃኒት፥ ለነዳጅና ለመንገድ የሚተርፈው ጥቂት ነው። እንግዲህ አዲስ ነርስ ለመቅጠር መደቡ በመዋቅሩ ውስጥ መፈቀድ አለበት፤ የተፈቀደው መደብ በጀት ሊያዝለት ይገባል፤ በጀቱ ከተያዘ በኋላ ማስታወቂያ ይወጣል። በወረቀት ላይ ክፍት ሆኖ የሚታይ መደብ ሁሉ ገንዘብ ያለው መደብ አይደለም። አንዱ ኪስ ያስተምራል፤ ሌላው ኪስ ይቀጥራል፤ ሁለቱ ኪሶች አይመካከሩም።

በዚህ ላይ ሌሎች ነገሮች ተጨመሩ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የብቃት ምዘና ፈተና እንዲያልፍ ተደረገ፤ ይህ ለበሽተኛው ደኅንነት የሚያስፈልግ ነው፥ ብዛት ጥራትን መጉዳቱ አልቀረምና። በኮሮና ዘመን ሥራ ፈትተው የነበሩ ብዙ ባለ ሙያዎች በጊዜያዊ ውል ተጠርተው ነበር፤ ውሉ ሲያበቃ ግን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሰሜኑ ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የጤና ተቋማት ተጎድተዋል፥ መንገድ ተዘግቷል፥ የወረዳዎችም ገቢ ደክሟል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን ሲያቆም፥ በዚያ ገንዘብ በውል ተቀጥረው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ደግሞ ሥራ ያላቸው የጤና ባለ ሙያዎች ደመወዛችን ለኑሮ አልበቃንም ብለው በልዩ ልዩ ከተሞች ሥራ አቆሙ፤ ከመካከላቸውም የታሰሩ ነበሩ። ሥራ ያጣው መደብ ይለምናል፤ መደብ ያለው ደግሞ በደመወዙ አይኖርም። ሁለቱ ልመናዎች የሚመነጩት ከአንድ ባዶ ኪስ ነው።

ይህ ነገር የደረሰው በእኛ ላይ ብቻ አይደለም። በጋናና በኬንያም የሠለጠኑ ነርሶች መደብ አጥተው ለዓመታት የተቀመጡበት ጊዜ አለ፤ በእነዚያም አገሮች በሽተኛው ነርስ አጥቶ ይሰለፋል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2030 እ.ኤ.አ. ዓለም ወደ 11 ሚሊዮን የጤና ሠራተኛ ይጎድላታል እያለ ይገምታል፤ ሀብታሞቹ አገሮችም ይህን ጉድለት ከእኛ ከመሰሉት አገሮች በሚወስዷቸው ሰዎች ይሞላሉ። ስለዚህ በእንጅባራ ሰሌዳ ፊት የቆመው ወጣት ተፈላጊ አይደለም ማለት አይቻልም፤ የሚፈልገው ሩቅ አገር ነው፥ የሚያስፈልገው ግን ቅርብ ያለ መንደር ነው።

ይህ ቅርብ ያለ መንደር ምን ያህል እንደሚጠብቅ ለማየት የዘመን መቁጠሪያውን መመልከት በቂ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ ዝናብ አገሩን ሁሉ ይዞታል። የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን ያጸድቃል፤ ከዚያ መደቡ ይለያል፥ ማስታወቂያ ይለጠፋል፥ ምዝገባ ይደረጋል፥ ፈተና ይሰጣል፥ ውጤት ይገለጻል፥ ቅሬታ ይሰማል፥ የቅጥር ደብዳቤ ይጻፋል። በዚህ መካከል መስከረም ይጠባል፤ ውሃው በየጕድጓዱ ይተኛል፤ ትንኙ ይራባል። የወባ ወራት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ከጥር 2016 እስከ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ብቻ በአገሪቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ከ1,100 በላይም ሞተዋል። ፈተናውን ያለፈችው ነርስ ሁሉም ነገር ሳይሰናከል ቢቀናት የቅጥር ደብዳቤዋን ይዛ፥ ከእንጅባራ ብርድ ወደ ጃዊ ሙቀት ወርዳ፥ በጤና ጣቢያው በር ላይ የምትደርሰው ሰብሉ ከተሰበሰበና በወባ የታመመው ሰው ወይ ድኖ ወይ ተቀብሮ ካለቀ በኋላ በጥር ወር ነው።